የሚጠይቀው ትእዛዝ

የአገሩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው የአገሩ ሰዎች ስለ ፊደሉ ይጣላሉ፤ ከዚያ በኋላ የነገሩን ፍሬ የሚያነብ አይገኝም። ዋና ከተማዋን አንድ ወንዝ ለሁለት ይከፍላት እንደነበር፣ ወንዙ ላይ የነበረውን ድልድይም በአንድ ክረምት ጎርፍ ጠራርጎ እንደወሰደው ብናገር ለመነሻ ይበቃል።

ድልድዩ ከሄደ ወዲህ ሰው የሚሻገረው በቅርጫት ነበር። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ላይ ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ጉልበተኞች ከማዶ ሆነው ይስቡታል። ሙሽራም፣ ነጋዴም፣ ፍየልም መሻገሪያው ይኸው ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ቅርጫቱ ይቆማል። ማዶ ያለው ማዶ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ ሆኖ ይከርማል። ሐኪም ቤቱ ያለው ወዲህ ነው።

እኔ የምሠራው የንድፍ ቤት ውስጥ ነበር። በዚያ አገር ልማድ አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት መነደፍ አለበት፤ ከመነደፉ በፊት ደግሞ መንደፊያው በራስ እጅ መሠራት አለበት። ስለዚህ ድልድዩ መፍረሱ አይቀርም ተብሎ፣ ከመፍረሱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ በኮምፒዩተር ንድፍ የሚያወጣ ፕሮግራም እንድንሠራ የእኛ ቤት ተቋቋመ። የመስመር ኮሚቴ፣ የክብ ኮሚቴና የማጥፊያ ኮሚቴ ነበረን። የመስመር ኮሚቴ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደውን መስመር ጨርሶ አስመርቋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው በጥናት ላይ ነበር። እኔ የክብ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ክባችን ጥሩ ክብ ነበር፤ ጫፍና ጫፉ ብቻ አልገጠመም። የማጥፊያ ኮሚቴ የሚጠፋ ነገር እስኪሳል ድረስ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር።

ትርሲት ወደ እኛ የተዛወረችው ከውኃ ክፍል ነው። እዚያ የቆጣሪ ንባብ የሚደምር ፕሮግራም ትጽፍ ነበር፤ ፕሮግራሙ ስለሠራ የምትሠራው ነገር አጣች። ስታወራ ድምጿን ዝቅ የምታደርግ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጧትና ወደፊት የበር ንዑስ ኮሚቴ ሲቋቋም አባል እንደምትሆን ነገሯት።

ማዶ እልፍነሽ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። እልፍነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የምትወልደውም ክረምት ከገባ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ስትወልድ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው፤ ሐኪሙም ሁለተኛውን ያለ ሐኪም እንዳትሞክሪው ብሏታል። ቀደም ብላ እንዳትሻገር ደግሞ ባሏ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው፤ አልጋ የያዘች አማቷን የሚያነሳላትና የሚያስቀምጥላት ከእሷ ሌላ የለም። ቅርጫቱ ተኝቶ የሚሄድ ሰው አይጭንም። ትርሲት ይህን የነገረችኝ በመጣች ሰሞን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰማዩን ባየች ቁጥር የምታስበውን ሳትነግረኝም አውቀው ነበር።

ሥራችን ሁሉ የሚቆመው ከሌላ አገር በመጣ አንድ መነሻ ፕሮግራም ላይ ነበር። መነሻ የሚባለው የራስን ነገር የሚገነቡበት ስለሆነ ነው። አብሮት ወፍራም መመሪያ መጥቷል፤ ከእኛ ግን ማንም ገልጦት አያውቅም። መግለጡ በራስ ሥራ አለመተማመን ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ትርሲት ይህን የነገራት ስላልነበረ አነበበችው።

አንድ ቀን ከምሳ መልስ፣ «ጋሽ ወሰኔ፣ እስኪ ይኼን ይዩት» አለችኝ።

ወንበሬን ሳብኩ። «መስመር» ብላ ጻፈች። ከስክሪኑ ግርጌ «የመጀመሪያው ነጥብ?» የሚል ጽሑፍ ወጣና ቆመ። በማውዙ አንድ ቦታ ነካች። «ቀጣዩ ነጥብ?» አለ። ማውዙን ስታንቀሳቅስ መስመሩ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ተከተላት። ከቀኝ ወደ ግራ ወሰደችውና ለቀቀችው። እኔ የመስመር ኮሚቴ ሰው እንዳያየን ወደ በሩ ዞር አልኩ።

«ይኼ የማነው?» አልኳት።

«መነሻው ውስጥ ያለ ነው። ዝግጁ ትእዛዝ ይሉታል። ክብም አለ፣ ማጥፊያም አለ፣ ማንሻም አለ።»

«ክቡ ይገጥማል?»

«ይገጥማል» አለችኝ፤ ፊቴን አይታ ግን ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ከዚያ ሐሳቧን አስረዳችኝ። ነጥብ መቀበሉን፣ መስመሩ ሲለጠጥ ማሳየቱን፣ ሰው ሲሳሳት ወደ ኋላ መመለሱን ዝግጁው ትእዛዝ ያውቅበታል። እሷ እነዚህን በየተራ እየጠራች የራሷን ትእዛዝ ብቻ ትጽፋለች። «ሰው እጁን የሚሰድበትን ነገር ሁሉ እንደገና ልጻፍ ብል ዕድሜዬ አይበቃም። እኔ የምጽፈው ድልድዩን ነው» አለች። «ድልድይ» የሚል ትእዛዝ ጻፈች። እሱም ወዲህ ያለውን ነጥብ ይጠይቃል፣ ማዶ ያለውን ይጠይቃል፣ ስፋቱን ይጠይቃል፤ የቀረውን ገመድና ጣውላ ራሱ አስልቶ ይስለዋል። ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም።

የንድፍ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሰው ሊያዩት መጡ። አቶ ደምሰው ደግ ሰው ናቸው፤ ማንንም አስቀይመው አያውቁም፤ ለዚህም ሲሉ ምንም ነገር ወስነው አያውቁም። ትርሲት ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ማን ሠራው?» አሉ።

«ድልድይ የሚለውን እኔ ነኝ። መስመሩን ግን ከመነሻው ጋር የመጣውን ነው የጠራሁት።»

«ስለዚህ መስመሩን እኛ አልሠራነውም።»

«አልሠራነውም። ኪቦርዱንም አልሠራነውም።»

«እሱን ስብሰባ ላይ እንዳታነሺው። ሌላ ኮሚቴ ያስቋቁሙናል» አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይኼ ታች ያለው ምን እያለ ነው?»

«ወዲህ ያለው ነጥብ የት ይሁን እያለ ነው።»

«ማንን?»

«የተቀመጠውን ሰው።»

አቶ ደምሰው ከወንበሩ ተነሡ። «ትእዛዝ ነው አላልሽኝም?»

«ነው።»

«ትእዛዝ ያዛል እንጂ እንዴት ይጠይቃል? ጠያቂ ካለ እኮ ተጠያቂ ይኖራል።» የመጨረሻዋን ቃል ያሏት በሹክሹክታ ነው። በዚያ አገር ይህች ቃል ልጆች ባሉበት አትነገርም።

የአገሩን ደንብ ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ አገር ጥያቄ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አዛዡ ኃላፊውን ይጠይቃል፣ ኃላፊው ኮሚቴውን፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴውን፤ ከሥር ያለው ሲጠየቅ ደግሞ በጥናት ላይ ነው ይላል። ወደ ላይ የወጣ ጥያቄ ታይቶ አይታወቅም። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳይለይ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ቤቱ ቢደነግጥ አይገርምም።

ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው ከትእዛዙ ውስጥ ይውጣ ተባለ። ትርሲት እጇን አውጥታ፣ «መልሱን አስቀድሞ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ሰው አይጠይቅም። ግን የሚነደፈው ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ይጀምራል» አለች።

«ከአንድ ቦታ መጀመሩ ለአንድነት ጥሩ ነው» አሉ የመስመር ኮሚቴው ሊቀ መንበር።

የትኛው ቦታ ይሁን ሲባል ግን ማንም ስሙን ለቦታ አልሰጥ አለ። ስለዚህ ባዶ ይተው ተባለ። ኮምፒዩተር ባዶን ዜሮ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ዜሮ ደግሞ የከተማው ካርታ የታችኛው ጥግ ነው። ትርሲት እዚያ ጥግ ላይ ያለውን ቤት ልትናገር ስትል ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ።

ቤቱ ሥራ የያዘው ያን ሰሞን ነው። የተነደፈው ንድፍ ሁሉ እየታተመ ለቀያሾች ተሰጠ። ቀያሾቹ ታዛዥ ሰዎች ናቸው፤ ንድፉ ያለበት ሄደው ችካል ይተክላሉ። የአገሩ አዛዥ ከሥራ ሲመለሱ መኝታ ቤታቸው ወለል ላይ በተተከለ ችካል ተደናቅፈው ወደቁ። ቀና ብለው ሲያነቡት «የበግ ተራ መግቢያ» ይላል። ከአልጋው ማዶ ሌላ ችካል አለ፤ እሱ ደግሞ «የድልድዩ ወዲህ ጫፍ» ይላል። ባለቤታቸው ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆመው፣ «ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት» አሏቸው።

በማግስቱ አዛዡ ንድፍ ቤት መጡ። ረጅም፣ ጎምለል የሚሉ፣ ሲቆጡ የሚረጋጉ ሰው ናቸው።

«የበግ ተራውን መኝታ ቤቴ ያደረገው ማነው?» አሉ።

ሁላችንም ጫማችንን አየን። ትርሲት፣ «ማንም አይደለም፣ ክቡር አዛዥ። ችግሩም እሱ ነው፤ ማንም አልተጠየቀም» አለች።

አዛዡ ጥያቄው ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዙ። ከዚያ፣ እኔ ራሴ እጀምረዋለሁ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትርሲት «ድልድይ» ብላ ጻፈችላቸው። «ወዲህ ያለው ነጥብ?» አለ ስክሪኑ።

አዛዡ ጠበቁ። እሱም ጠበቀ።

«አማራጭ ያቅርብና ልፈርም» አሉ።

«አማራጭ አያቀርብም፣ ክቡር አዛዥ። ነጥብ ነው የሚፈልገው።»

«ይቀጥል ብዬ አዝዣለሁ በይው።»

«ራሱ ትእዛዝ ስለሆነ አይታዘዝም። የሚቀበለው መልስ ብቻ ነው።»

ሻይ መጣ፤ ቀዘቀዘ፤ ተመለሰ። አዛዡ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ሰውን እንዲህ ሲያዩት ይጨርሱታል። ስክሪኑ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ጥቁሯ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። በመጨረሻ አቶ ደምሰው ጎንበስ ብለው ጆሯቸው ላይ፣ «ኪቦርዱ ጥግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ቢጫኑ ይሰርዘዋል» አሏቸው። አዛዡ ተጫኑ። ጥያቄው ጠፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የማታው ዜናም የድልድዩ ንድፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በስኬት ተሰርዟል ብሎ ተናገረ።

ከዚያ ወዲህ ቁልፏን መጫን ወግ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አንድ እንግዳ ይመጣል፤ ትርሲት «ድልድይ» ትጽፋለች፤ ስክሪኑ ይጠይቃል፤ እንግዳው ትንሽ ያስብና ቁልፏን ይጫናል፤ ይጨበጨባል። የሩቅ አውራጃ ሹማምንት ሳይቀሩ መጡ። ቁልፏ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፋቀ። መሐል ላይ ደግሞ መላሽ የሚባል ሹመት ወጣና አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ተቀጠረ። ሥራው በእንግዳው ፈንታ መመለስ ነው። «እንደ አግባቡ» ብሎ ጻፈ። «ያልታወቀ ነጥብ። ወዲህ ያለው ነጥብ?» አለው። «በቅርቡ» አለ። «ያልታወቀ ነጥብ። ወዲህ ያለው ነጥብ?» አለው። ሰውየው ይህን የመሰለ ጽናት በየትም ስብሰባ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝና ሥራውን ለቀቀ።

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ትእዛዙን እየጻፈች ከወንበሩ ጀርባ ትቆም ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ አይቼ አላውቅም። የሚገርመኝም እሱ ነበር።

ደመናው መክበድ ሲጀምር ፈቃድ ጠይቃ እህቷን ልታይ ሄደች። የቅርጫቱ ጉልበተኞች፣ ዝናቡ ከጀመረ እኛ የለንም፣ ቶሎ ተመለሽ ብለው አሻገሯት። የሆነውን ሁሉ በኋላ ነገረችኝ።

እልፍነሽ አማቷን አጥባ፣ ልብስ ለውጣ፣ ደጅ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። እግሯ አብጧል። ትርሲት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዛሬ ይዤሽ ልሂድ» አለቻት።

«እሷንስ?»

«ጎረቤት ይያት።»

«ጎረቤት ውኃ ያቀብላታል፤ ማን ያገላብጣታል? እታለም፣ ይኼን ተነጋግረንበታል።» እልፍነሽ እግሯን ማሸቷን አላቆመችም። «ድልድዩስ? በሬዲዮ ሁልጊዜ ተሰረዘ ይላሉ፤ ሰው ደስ ይለዋል። ምን ማለት ነው?»

ትርሲት ከመጀመሪያው አንስታ አጫወተቻት፤ ችካሉ ጋ ስትደርስ እልፍነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን፣ «ቆይ፣ ነጥቡን ለማስቀመጥ ምን ያስፈልጋል?» አለች።

«ማውዙን መንካት።»

«አንቺ ለምን አትነኪውም?»

«እኔ መሣሪያውን ነው የሠራሁት። ቦታ መምረጥ የእነሱ ነው።»

«ቦታውን አታውቂውም?»

«በእኛ በኩል ያለውን አውቀዋለሁ፤ የድሮው ድልድይ መሠረት አልሄደም። በእናንተ በኩል ያለውን ጎርፉ ወስዶታል። ጠንካራ ድንጋይ መፈለግ አለበት። ከነካሁት ደግሞ የወደቀ ቀን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

እልፍነሽ፣ «እና?» አለቻት።

መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ አማቷ ገባች። ትርሲት ወደ ወንዙ ወረደች፤ የማዶውን ዳር ወዲያና ወዲህ እያለች አየችው፤ አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጥታ ዘለለችበት፤ ዙሪያውን በዱላ ቆረቆረች። እዚያው ማዶ የሚኖር አንድ ቀያሽ ጓደኛዋን ጠርታ እሱም አየው። እሱ ድንጋዩ ደህና ነው አላት፤ እንዲህ ማለቱን ግን ለማንም እንዳትናገር ለመናት። አመሻሹ ላይ በቅርጫቱ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ያን ትእዛዝ የወደድኩት ስለሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ በማግስቱ። «ለካ የወደድኩት እኔን ሳይሆን ሌላ ሰውን ስለሚጠይቅ ነው።»

የዚያን ዕለት ጠዋት እንግዳው እንደገና አዛዡ ራሳቸው ነበሩ። ቁልፏን መጫን ከጀመሩ ወዲህ በሰበብ ባስባቡ ብቅ ይሉ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አዛዡ ከአቶ ደምሰው ጋር ሰላምታ ላይ ሳሉ ትርሲት መጥታ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ትርሲት፣ ተነሺ እንጂ። ወንበሩ የእንግዳ ነው» አሉ አቶ ደምሰው ለስለስ ባለ ድምፅ።

«አሁን እነሣለሁ» አለች። «ድልድይ» ብላ ጻፈች።

«ወዲህ ያለው ነጥብ?»

ማውዙን በካርታው ላይ ወሰደችው። የድሮው መሠረት ጋ ስትጠጋ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት በራ፤ ዝግጁው ትእዛዝ የታወቀ ነጥብ ሲያገኝ በራሱ ይይዘዋል። ነካችው።

«ማዶ ያለው ነጥብ?»

መስመሩ ከእጇ ጋር እየተለጠጠ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ ምንም ምልክት አልበራም። ጥቁሩ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ለቀቀችው።

«ስፋት?»

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ከኋላ የመስመር ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ «ሁለት ሰው ጎን ለጎን ማለፍ አለበት» አሉ። ተናግረው ሲጨርሱ አፋቸውን ያዙ፤ ግን ምንም አልደረሰባቸውም። ሌላው ተነሥቶ አህያ ከነጭነቷ ማለፍ አለባት አለ። የማጥፊያ ኮሚቴ ጸሐፊዋ፣ አህያና ሰው ሲገናኙ የሚተላለፉበት መሐል ላይ ሰፋ ይበል አለች። የመጀመሪያው ነጥብ ባለቤት ስላገኘ የቀረውን ለመመለስ የሚፈራ ጠፋ። እኔም ሳላስበው ፋኖስ ይኑረው አልኩ። «የድጋፉ ከፍታ?» ሲል ደግሞ አዛዡ፣ «እስከ ወገብ» አሉ።

«የማን ወገብ፣ ክቡር አዛዥ?» አለች ትርሲት።

አዛዡ ኮታቸውን ከፍተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሜትር መጣ፤ ወገባቸው ተለካ። በሕይወታቸው የመለሱት የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ይመስለኛል፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ንድፉ አለቀና ስክሪኑ የመጨረሻውን ጠየቀ፤ «የነዳፊው ስም?»

ሁሉም ፋኖስ እንዳላለ፣ አህያ እንዳላለ ሆነ። ትርሲት ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። አቶ ደምሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀው፣ «እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

ሥራው የተጀመረው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ተጠያቂ ያለው ሥራ በዚያ አገር ከዚያ በፊት ስላልነበረ፣ የሚያዘገየው ደንብ ገና አልተጻፈም። ድልድዩ ለእግረኛ የሚሆን፣ በብረት ገመድ ላይ ጣውላ የሚደረደርበት ቀላል ነገር ነው። አናጢዎች ከሁለቱም ዳር ተነሡ። ትርሲት ቢሮ መግባት ትታ ወንዝ ዳር ዋለች። ገመድ ሲወጠር ትቆማለች፣ ብሎን ሲጠብቅ ትቆማለች፤ እንቅልፍ እንደራቃት ከዓይኗ ይታይ ነበር። አንዱ አናጢ፣ «እመቤቴ፣ እርስዎ ሲያዩኝ እጄ ይንቀጠቀጣል» አላት። «የኔም ይንቀጠቀጣል፤ ሥራህን ሥራ» አለችው።

ዝናቡ ጣውላው ሳያልቅ ገባ። ወንዙ ጠቆረ፣ ቅርጫቱ ተፈታ። እልፍነሽን ምጥ የያዛት በዚያው ሰሞን፣ ረፋድ ላይ ነው። የሰፈሯ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ዳር ሲደርሱ መሐሉ ገና አልተደረደረም።

«ሂዱ፣ እኛ እንቀድማለን» አሉ አናጢዎቹ። ከፊት ጣውላ ያስቀምጣሉ፤ ቃሬዛው ይራመዳል፤ ደግሞ ያስቀምጣሉ። ድልድዩ ከሥር በሚያገሳው ውኃ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ወዲህ የቆምነው ሁሉ ዓይናችንን ሸፍነናል። ትርሲት ግን አልሸፈነችም፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የታሰረውን ገመድ ነበር የምታየው። ቃሬዛው ወዲህኛውን መሠረት ሲረግጥ እልፍነሽ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ «ይወዛወዛል እኮ» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ትርሲት፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እልፍነሽ ሐኪም ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ደክሟት ነበር፤ ሐኪሙም አንድ ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሣም፤ ግን ሁለቱም ተረፉ። አማትየውም ከነአልጋቸው ተሻገሩ፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹን አስቁመው ወንዙን በደንብ እንዳዩ ሰምቻለሁ።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ማሰሮ ሻጭ የሆኑ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ የማዶ ሴት ንድፍ ቤት መጡ። ብብታቸው ሥር ግማሽ ማሰሮ ይዘዋል። ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ቆይተው እኛ ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«ያን ድልድይ ደጄ ላይ ያፈሰሰው ማነው?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለው «እዚህ አይደለም» ይሉኛል ብለው ተዘጋጅተው ስለነበር ነው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ አትጠገብ ቆሙ። ቀጥሎ የሚሉት አልነበራቸውም። በዚያ አገር አቤቱታ እስከዚህ ድረስ ነበር የሚሄደው። ወንበር ሰጠቻቸው፤ ተቀመጡ።

«ሰው ከድልድዩ ሲወርድ ማሰሮዬ ላይ ነው የሚያርፈው» አሉ ዝግ ብለው። «የሰው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከተወዛወዘው ሲወርድ እግሩ አይጸናም።»

ትርሲት ንድፉን ከፈተችና የተሳለን ነገር የሚያዛውረውን፣ ማንሻ የሚሉትን ዝግጁ ትእዛዝ ጠራች። «አዲሱ ነጥብ?» አለ። የሴትየዋን እጅ ማውዙ ላይ አደረገች። «የት ይሂድ ይላል። ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ አትጠገብ የድልድዩን ጫፍ ወደ ግራ ወሰዱት። «እዚህ የጎረቤቴ ጎመን ነው።» ወደ ቀኝ ወሰዱት። «እዚህ የውኃ መንገድ ነው።» ብዙ ቆዩ። አስተያየታቸው ከአዛዡ የተለየ ነበር፤ ስክሪኑን ሳይሆን ሰፈራቸውን ነው የሚያዩት። «የትም ብወስደው ሰው አለ» አሉ።

«አለ፣ እማማ።»

«ድልድዩን ተይው። ደረጃውን ብቻ ወደ መንገዱ አዙሪልኝ።»

ትርሲት ደረጃውን አዞረችው። «እኔም ለዚህኛው ልጠየቅ?» አሉ ሴትየዋ፤ ሲጠይቁ ፈርተው ነበር፤ ግን ደስም ያላቸው ይመስላል።

«አብረን» አለችና ስማቸውን ከእሷ ስም ሥር ጻፈች።

ወይዘሮ አትጠገብ ግማሽ ማሰሮአቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ሳይዘጋ ጢሙ የረዘመ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የጨቀየ ሰውዬ አንገቱን ብቅ አደረገ። ከኋላው ሌሎችም ነበሩ።

«ስለ ድልድዩ የሚጠየቅ ሰው እዚህ አለ ብለውን ነው» አለ።

«አለ» አለች ትርሲት። «ግቡ።»